የብረት ብስክሌት ፍሬም በእጅ ለመሥራት፦ ከልኬት እስከ ቀለም

ባለፈው ዓመት የጨረስኩት ፍሬም ሃምሳ ሰዓት ገደማ ፈጅቶብኛል። እሳት የነደደበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ግን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሌላው መለካት፣ መቁረጥ፣ መሞረድ፣ ማጽዳትና እንደገና መለካት ነበር። ይህን ከወዲሁ የማነሳው፣ ፍሬም መሥራት ብየዳ ከመቻል ጋር አንድ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። እጃቸው የተመሰከረለት በያጆች የሠሩት ፍሬም ጠሞ አይቻለሁ። እሳት ይዘው የማያውቁ ሰዎች ደግሞ ሞረዱ ላይ ስለታገሡ ብቻ ቀጥ ያለ ፍሬም ሲያወጡ አይቻለሁ። ስለዚህ እዚህ ስለ ሞረድ ብዙ አወራለሁ፤ ስለ እሳት ደግሞ የሚበቃውን ያህል።

የምንሠራው ለአስፋልት የሚሆን፣ ባለ 700 ጎማ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ብስክሌት ነው። ቱቦዎቹን የምናያይዘው በላግና በብር ነው። ላግ ማለት ቱቦዎች የሚሰኩበት እጅጌ ያለው ብረት ነው፤ ቱቦው ከገባ በኋላ በመካከል በምትቀረው ቀጭን ክፍተት የቀለጠ ብር ሰርጎ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ያለ ላግ በናስ ሞልቶ መበየድም፣ በቲግ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ) መበየድም ይቻላል። ለመጀመሪያ ፍሬም ላጉን የምመርጠው፣ አንደኛ ቱቦውን አቅፎ ስለሚይዘው ነው። ሁለተኛ 56 በመቶ ብር ያለበት ዘንግ ከ618 እስከ 652 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ስለሚቀልጥ ቀጭኑን ቱቦ አይጎዳውም። ናስ ወደ 900 ዲግሪ ይጠጋል።

ብረት ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ካለ አንድ ሁለት ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1897 የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ ሬይኖልድስ ጫፎቹ ወፍራም፣ መካከሉ ቀጭን የሆነ ቱቦ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬም የምንገዛው ቱቦ በዚያው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ሬይኖልድስ 531 የተባለው ቱቦ በ1935 ወጣ፤ የሚላኑ ቱቦ አምራች ኮሎምቡስ ደግሞ በ1919 ተመሠረተ። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የተቀመጠበት ፍሬም ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራለት የብረት ፍሬም ነበር። በጃፓን የኬይሪን ውድድር ወንዶቹ እስከ ዛሬ የሚወዳደሩት በብረት ነው። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት፣ በ1956ቱ ሜልቦርን፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። የጣልያን ሠሪዎች ቃላት ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደሉም፦ ሞርሳ፣ ካቴና፣ ሲባጎ ሁሉ ከእነሱ የወሰድናቸው ናቸው።

ሰውነታችሁን ለኩ

የሚስማማችሁ ብስክሌት አስቀድሞ ካላችሁ ከየትኛውም ቀመር በፊት እሱን እመኑ። ከፔዳሉ ዘንግ (ሁለቱ ፔዳሎች አብረው ከሚዞሩበት ዋና ዘንግ) መሐል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው ያለውን ርቀት፣ መሪው ከኮርቻው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለክታችሁ ጻፉ።

ከሌላችሁ ጫማ አውልቃችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፤ እግራችሁን አንድ ጫማ ያህል ክፈቱ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መካከል አስገብታችሁ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪሰማችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይ ጠርዝ ይለካላችሁ። ሦስት ጊዜ ተለኩና መካከለኛውን ቁጥር ያዙ። ያንን በ0.883 ስታባዙ ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ቁመት ታገኛላችሁ። የእኔ 84 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውጤቱ 74.2 ይሆናል። ይህ መነሻ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል የኮርቻው ዘንግ ያስተካክለዋል። የላይኛው ቱቦ ርዝመት ግን ፍሬሙ ካለቀ በኋላ አይለወጥም። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

በሙሉ መጠኑ ሣሉት

ኮምፒውተር ላይ ብትሠሩትም በመጨረሻ አንድ ለአንድ የሆነ ሥዕል በትልቅ ወረቀት ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ ያስፈልጋችኋል። ቱቦዎቹን ቆርጣችሁ የምታስተኙት እዚያ ላይ ነው። የእኔን ቁጥሮች ለምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ለሚሆን ሰው የሚሄድ ልክ ነው።

የኮርቻው ቱቦም የመሪው ቱቦም 73 ዲግሪ ያዘነብላሉ። የላይኛው ቱቦ አግድም ሆኖ ከመሐል እስከ መሐል 560 ሚሊ ሜትር ነው። የፔዳሉ ዘንግ ከጎማዎቹ መሐል 70 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ኋላ ጎማ መሐል 420 ሚሊ ሜትር፤ የፎርኬላው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ወደ ፊት መውጣት 45 ሚሊ ሜትር። እነዚህን ስትሥሉ ከኋላ ጎማ መሐል እስከ ፊት ጎማ መሐል አንድ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ፊት ጎማ መሐል ደግሞ 590 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ከ585 በታች አላወርደውም፤ ካነሰ በዝግታ ስትታጠፉ የጫማችሁ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል።

መሪው እጅ ላይ የሚሰጠውን ስሜት የሚወስነው ትሬይል የሚባለው ልክ ነው። የመሪውን ቱቦ መሐል መስመር እስከ መሬት አስረዝሙት፤ መሬት የሚነካበት ነጥብ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ትሬይል። ባለ 340 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ጎማ፣ በ73 ዲግሪና በ45 ሚሊ ሜትር ፎርኬላ፣ 57 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለአስፋልት ደስ የሚል ልክ ነው። ዘንበሉን ወደ 72 ብታወርዱት 63 ይደርሳል፤ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ ለመታጠፍ ግን ይከብዳል። አንድ ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ ፕሮትራክተሩ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ።

ፎርኬላውን ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሥሩ። የተሠራ የብረት ፎርኬላ ግዙና ቁመቱን ለክታችሁ ሥዕሉ ውስጥ አስገቡት። የኋላ መጋጠሚያ ቢሰነጠቅ ብዙውን ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ያስጠነቅቃል፤ ፎርኬላ የተሰበረበት ሰው ግን በፊቱ ነው የሚወድቀው።

ቱቦውን እወቁት

የምትገዙት ክሮሞሊ (ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ወይም ተመሳሳይ የብስክሌት ቱቦ ነው። ለዚህ ፍሬም የላይኛውና የኮርቻው ቱቦ 28.6 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው ሰያፍ ቱቦ 31.8፣ የመሪው ቱቦ 36 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር ይኖራቸዋል፤ ላጎቹም በዚሁ ልክ ይታዘዛሉ። ግድግዳቸው 0.8/0.5/0.8 ተብሎ ይጻፋል፤ ጫፍ ላይ 0.8፣ መሐል ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር የአምስት ቅጠል ወረቀት ውፍረት ነው። ቱቦውን በጥፍራችሁ ስትመቱት መሐሉና ጫፉ የተለያየ ድምፅ ይሰጣል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙ ጫፍ የተወሰነ ርዝመት ብቻ አለው። ከአንድ ወገን ብቻ አብዝታችሁ ከቆረጣችሁ ወፍራሙን ክፍል ጣላችሁ፣ መጋጠሚያው ቀጭኑ ላይ አረፈ ማለት ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የአምራቹን ሠንጠረዥ አንብባችሁ ወፍራሙ የሚያልቅበትን ቦታ በማርከር አክብቡት። ከሁለቱም ጫፍ ስንት እንደሚቆረጥ አስቀድማችሁ ወስኑ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ቱቦውንና ላጉን ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ማስላክ ሊኖርባችሁ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሙሉው ፍሬም ሲያልቅ እንኳ ወደ ሁለት ኪሎ ነው። ለቤት ዕቃና ለበር የሚሸጠው ቱቦ ግን ለልምምድ እንጂ ለሚነዳ ብስክሌት አይሁን። ለልምምድም ቢሆን ዚንክ የተቀባውን አትግዙ፤ ሲሞቅ የሚወጣው ጢስ ሌሊቱን በትኩሳት ያንቀጠቅጣል። ብዙ በያጆች ወተት ስንጠጣ ይሽርልናል ይላሉ። ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጢሱ ሳንባ ነው የገባው። የሚያድነው መስኮት፣ በርና ከፊታችሁ ጢሱን የሚወስድ አየር ነው።

ከመሣሪያ ጠንካራ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትልቅና ትንሽ ግማሽ ክብ ሞረድ፣ ክብ ሞረድ፣ ካሊፐር፣ ስኳድራ፣ ፕሮትራክተር፣ መሰርሰሪያ፣ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ አንግል ብረትና ሲባጎ ይበቃል። ቱቦ በሞርሳ ጥርስ በቀጥታ አታስይዙ፤ እንቁላል እንደመጭመቅ ነው። ጠንካራ እንጨት በቱቦው ልክ በስታችሁ ለሁለት ሰንጥቁትና እሱን አልብሳችሁ አስይዙት።

አፍ ማውጣት

ክብ ቱቦ ከክብ ቱቦ ጋር ክፍተት ሳይተው እንዲገጥም ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ተቀርጾ መውጣት አለበት። ላጉ ስለሚሸፍነው "ማን ያየዋል" ብለው ቀጥ አድርገው የሚቆርጡ አሉ። ላጉ የሚያስተላልፈው ጭነት አለ፤ ቱቦው ቱቦውን የሚገፋበት ጭነት ግን ሌላ ነው፤ ያ የሚያልፈው በአፉ ነው።

በመጀመሪያ ርዝመቱን አስሉ። የላይኛው ቱቦ ከመሐል እስከ መሐል 560 ነው ብለናል። ከዚያ ላይ የኮርቻውን ቱቦ ግማሽና የመሪውን ቱቦ ግማሽ ትቀንሳላችሁ፤ መጋጠሚያው 73 ዲግሪ ስለሆነ ግን ግማሾቹ በሳይን 73፣ ማለትም በ0.956 ይካፈላሉ። 14.3 ሲካፈል 15 ይሆናል፤ 18 ሲካፈል 18.8። ስለዚህ ከአንዱ አፍ ጉሮሮ (ጥልቁ ቦታ) እስከ ሌላው አፍ ጉሮሮ 526 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ቱቦው ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ ቱቦውን አንግል ብረቱ ውስጥ አስተኝታችሁ በብረቱ ጠርዝ ተመርታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን መስመር አስምሩ። ቱቦውን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሁለተኛውን አስምሩ። እነዚህ ሁለት መስመሮች የቱቦው ጀርባና ሆድ ናቸው። የሁለቱም ጫፎች አፍ በእነሱ ላይ ካልተመራ አንዱ አፍ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ዞሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ገና ሳይበየድ ጠሟል።

የአፉን ቅርጽ በወረቀት ታወጣላችሁ። ዲያሜትሮቹንና ዘንበሉን ስታስገቡላቸው ቅርጹን የሚያትሙ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ወረቀቱን ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ፣ መሐሉን ከመስመራችሁ ጋር አጋጥማችሁ፣ ጠርዙን በብረት መጫሪያ ተከተሉት። በሴጌቶ ከመስመሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ሻካራውን ቁረጡ። ከዚያ ግማሽ ክቡን ሞረድ ያዙ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት አንሱት። አምስት ስድስት ጊዜ ገፍታችሁ አቁሙ። አፉን በሚገጥመው ቱቦ ቁራጭ ላይ አስቀምጡና ከኋላው መብራት አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብርሃን ያለፈበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚሞረደው እሱ ሳይሆን ጨለማ የሆነው፣ የሚነካው ቦታ ነው። የሚነካውን ለማወቅ ቁራጩን በማርከር ቀቡት፤ አፉን አስቀምጣችሁ ትንሽ ስታንቀሳቅሱት ቀለሙ የነካበት ይታተማል። ያንን ብቻ ሞርዱ። ወደ መጨረሻው ላይ በቁራጩ ቱቦ ዙሪያ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ አፉን በሱ ማለስለስ ይቻላል። በአራቱም አቅጣጫ ብርሃን የማያሳልፍ ሲሆን ጨርሳችኋል። የመጀመሪያ አፌ ሁለት ሰዓት ተኩል ወስዶብኛል፤ አሁን ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል። ሁለት ሰዓቱ አይቆጨኝም።

የላይኛው ቱቦ ከኮርቻው ቱቦ ጋር እኩል ውፍረት ስላለው የአፉ ጎኖች 14 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝመው እንደ ምላጭ ይሳሳሉ። ጣት ይቆርጣሉ፤ ጫፋቸውን በትንሹ አደንዝዙት።

ክፍተቱ

ቱቦው ላጉ ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ከ0.05 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። በጣም ከጠበቀ ብሩ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ አይስበውም። በእጅ ግፊት እየተንሸራተተ የሚገባ፣ ሲለቁት ግን በራሱ የማይወድቅ ከሆነ ልክ ነው። ካስቸገረ የላጉን ውስጥ በክብ ሞረድ እየዞራችሁ አስፉት፤ ቱቦውን አትሞርዱ።

ከዚያ ጽዳት። የቱቦው ውጭና የላጉ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈተጋል፣ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም። ከጣት የሚቀር ቅባት ብር አያስነካም። ካጸዳችሁ በዚያው ቀን በይዱ፤ ለነገ ካደረ እንደገና ይፈተጋል።

መተንፈሻ ቀዳዳ ከብየዳ በፊት ነው የሚወጣው። ሁለት ጫፉ የሚደፈን ቱቦ ሁሉ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል። ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ አፉ የሚሸፍነው ውስጥ፣ ቀዳዳ አድርጉ፤ የኋላ ጎማውን በሚይዙት አራት ቀጭን ቱቦዎች፣ በኋላ ክንዶች ላይ ደግሞ በማይታይ በኩል ባለ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። የመጀመሪያ ፍሬሜ ላይ አንዱን የላይ ክንድ ረሳሁት። ሦስት ጊዜ ብር ሰጠሁት፣ ሦስት ጊዜ ከውስጥ የሚገፋው አየር አረፋ እየሠራ ተፋው። ያን ክንድ ቆርጬ ጥዬ ሌላ ገዛሁ።

እሳቱ

ፍሬም ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ አራት የልምምድ መጋጠሚያ በይዱና በሴጌቶ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩት። የመጀመሪያዬ ከውጭ ያማረ ነበር፤ ዙሪያውን ብሩ ብልጭ ብሎ ይታያል። ስሰነጥቀው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ፣ ፍላክሱ (ብሩ እንዲሰርግ ብረቱ ላይ የሚቀባው ሊጥ መሰል ማጽጃ) ጠቁሮ ተቀምጦበታል። ብሩ ከግማሽ በላይ አልገባም ነበር። እንጀራ ላይ የሚያስመሰግነው ዓይን እዚህ ሰው ይጥላል።

ጋዙ ኦክስጅንና አሲቲሊን፣ ወይም ኦክስጅንና ፕሮፔን ሊሆን ይችላል። የአሲቲሊን ግፊት ከ1 ባር አይለፍ፤ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ታስሮ ይቀመጥ። የኦክስጅን ማያያዣ ላይ ዘይትም ግራሶም አይንካ፤ በራሱ ይቀጣጠላል። እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ በሁለቱም የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማዎች ላይ ይኑር። ቁጥር 3 ወይም 4 ጥቁር መነጽር አድርጉ። የብር ዘንጉ ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ የካድሚየም ጢስ ይገድላል። ፍላክሱ ራሱ ፍሎራይድ ስላለበት አየር በሚያልፍበት ቦታ ሥሩ፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ አትውጡ። ብረቱ ደብዘዝ ብሎ መቅላቱን የምታዩት ጥላ ውስጥ ብቻ ነው።

ፍላክሱን በቱቦውም በላጉ ውስጥም ቀብታችሁ አገጣጥሙ። ሥዕሉ ላይ አስተኝታችሁ ዘንበሉን ካረጋገጣችሁ በኋላ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ላጉንና ቱቦውን አሳልፋችሁ በስታችሁ በትንሽ ምስማር ቆልፉት። የድሮ እንግሊዞች ያለ ውድ ማሰሪያ ፍሬም ይሠሩ የነበሩት እንዲህ ነው፤ ምስማሩ ተበይዶ ይቀራል፣ ጭንቅላቱ በኋላ ይሞረዳል።

ትልቅ አፍንጫ በለስላሳ ግፊት ተጠቀሙ። ነበልባሉን በአንድ ቦታ አታቁሙ፤ ክብ እየሠራችሁ መጋጠሚያውን በሙሉ አሙቁ። ወፍራሙ ላግ ቀስ ብሎ፣ ቀጭኑ ቱቦ ፈጥኖ ስለሚሞቅ አብዛኛው እሳት ላጉ ላይ ይሁን። አሁን ዓይናችሁ ፍላክሱ ላይ ይሁን። በመጀመሪያ ውሃው ይተንና እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይነፋል። ቀጥሎ ይረጋል፣ እንደ ማር ይወፍራል። ከዚያ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ድንገት ጥርት ያለ ውሃ መስሎ ብረቱ ላይ ይተኛል። ያ ነው ምልክቱ። እሳቱን ትንሽ አርቃችሁ የብሩን ዘንግ ጫፍ ላጉ ጠርዝ ላይ አስነኩ። በነበልባሉ ሳይሆን በብረቱ ሙቀት ከቀለጠ ጊዜው ደርሷል።

የቀለጠ ብር ሙቀትን ይከተላል። በላጉ አንደኛው ጠርዝ ብር ሰጥታችሁ ነበልባሉን ወደ ሌላኛው ጠርዝ ስታመጡት ብሩ ላጉን ሥር ለሥር አቋርጦ ይመጣና በማዶ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ የሚያበራ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ያን መስመር ስታዩ ውስጡ መሙላቱን ታውቃላችሁ። ዙሪያውን ሁሉ እንዲህ አድርጉ። ብረቱ ደማቅ ቀይ ከሆነ ወይም ፍላክሱ ከጠቆረ ተዉት፤ ብር ብትጨምሩም አይይዝም። አቀዝቅዛችሁ፣ አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ። ስታቀዘቅዙም በአየር ብቻ እንጂ ውሃ አትድፉበት።

ቅደም ተከተሉ

የኋላ ጎማ ፐርኖ የሚገባባቸውን ጆሮዎች በኋላ ክንዶች ጫፍ ላይ አስቀድማችሁ በናስ በይዱ። እዚያ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ብር አይሞላውም፣ ናስ ግን ይሞላዋል። ናሱ ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ ከብሩ ሥራ መቅደም አለበት።

ከዚያ የኮርቻውን ቱቦ የፔዳሉ ዘንግ ከሚገባበት ክብ ብረት፣ ከፔዳል ቋቱ ጋር። ይህ መጋጠሚያ የፍሬሙ ሁሉ መሠረት ነው። ግማሽ ዲግሪ ከሳተ ኮርቻው ሥር ሲደርስ አምስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። በይዳችሁ ሲቀዘቅዝ በስኳድራ ፈትሹ፣ ካስፈለገ አሁኑኑ አቅኑት። ቀጥሎ የታችኛው ሰያፍ ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር፤ የውሃ ጠርሙስ መያዣ ብሎኖቹንም አሁን በይዷቸው። ከዚያ ሁለቱን ቁራጮች ከላይኛው ቱቦ ጋር አገናኝታችሁ የፊቱን ክፍል ዝጉ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ መካከል ለክታችሁ እለፉ።

የኋላ ክንዶቹን ስታስገቡ እውነተኛውን ጎማ አስገብታችሁ ሥሩ። በጆሮዎቹ መካከል 130 ሚሊ ሜትር ይኑር። ጎማው በክንዶቹ መሐል መቆሙን፣ በሁለቱም በኩል ቢያንስ አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን እዩ። የፍሬኑን ድልድይ (ፍሬኑ የሚታሰርበትን፣ በላይ ክንዶቹ መካከል ያለ አጭር ቱቦ) ቦታ በቁጥር ሳይሆን ፍሬኑን ራሱን አስቀምጣችሁ፣ የፍሬኑ ጫማ ቸርኬው ላይ ሲያርፍ አመልክቱ።

በሲባጎ መፈተሽ

ባሕር ዳር ልጅ ሳለን ብስክሌት በሰዓት እንከራይ ነበር። አንድ ቀን ከወደቅኩ በኋላ ብስክሌቱ ወደ ጎን እየጎተተ አስቸገረኝ። ጠጋኙ ጋሼ ከኋላ ጆሮ ሲባጎ አሰረና በመሪው ቱቦ አዙሮ ወደ ሌላኛው ጆሮ መለሰው። ከዚያ በሲባጎውና በኮርቻው ቱቦ መካከል የክብሪት እንጨት አስገብቶ "አየህ ማሙሽ፣ በዚህ በኩል ሁለት፣ በዚያ በኩል አንድ" አለኝ። ቋቱን በእግሩ ረግጦ ሳበው፤ እንደገና ለካ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የራሴን ፍሬም ስፈትሽ ነው።

ዛሬም ከዚህ የተሻለ ቀላል መለኪያ አላውቅም። ሲባጎውን እንደ ጋሼ እሰሩና በሁለቱም በኩል ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለኩ። የቀኙ ከሰፋ የኋላው ክፍል ወደ ቀኝ ወጥቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ የሳተው አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ተዉት። ከበለጠ የፔዳል ቋቱን በሞርሳ አስራችሁ ክንዶቹን በትንሽ በትንሹ እየሳባችሁ አቅኑ፤ ብረት ይህን ይፈቅዳል።

ሁለተኛ ፍተሻ፦ ጎማውን አስገብታችሁ ቸርኬው ከክንዶቹ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ከዚያ ጎማውን ገልብጣችሁ አስገቡት። ክፍተቱ ጎን ከቀየረ የጠመመው ጎማው ነው፤ በዚያው ጎን ከቀረ ፍሬሙ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በመሪው ቱቦ፣ ሌላ በኮርቻው ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ከፊት ለፊት በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ሁለቱ ተደራርበው አንድ መስመር ካልሆኑ ፍሬሙ ተጠማዟል።

ማጠናቀቅ

ፍላክሱ ሲቀዘቅዝ መስታወት ይሆናል። በሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉትና በብሩሽ አንሱት፤ ከቀረ ከቀለሙ ሥር ዝገት ይጀምራል። የላጎቹን ጠርዝ በትንሽ ሞረድ አስተካክሉ፤ እዚህ ላይ የሚያምረውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ቱቦውን ብቻ እንዳትነኩት።

የፔዳል ቋቱን ጥርስ ማደስና ፊቱን ማስተካከል፣ የመሪውን ቱቦ ውስጥ ለኩሽኔታው ማስፋት፣ የኮርቻውን ቱቦ ወደ 27.2 ሚሊ ሜትር በመቁረጫ ማስፋት ይቀራል። መቁረጫዎቹ ውድ ስለሆኑ የሚያደርግላችሁ የብስክሌት ሱቅ ፈልጉና ክፈሉ። በእንግሊዝ ልክ ቋት ላይ የቀኙ ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፤ በጣልያን ልክ ግን ሁለቱም ወደ ቀኝ ናቸው። ይህን ሳያውቅ ጥርስ የሚበላ ሰው ብዙ ነው። የኮርቻውን ቱቦ ከኋላ ስትሰነጥቁ ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ አስቀድማችሁ ባለ አራት ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ ብሱ፤ ያለሱ ስንጥቁ ወደ ታች ይቀጥላል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ገጣጥማችሁ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። ያልተቀባ ብረት ስንጥቅ አይደብቅም። ከዚያ ፈትታችሁ በየላጉ ጠርዝ፣ በተለይ በታችኛው ቱቦና በመሪው ቱቦ መጋጠሚያ ሥር፣ በመብራት ተመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ፈትጋችሁ አንቲረስት ቀቡት፣ ቀለሙን ከላይ አድርጉ።

በመጨረሻ የተልባ ዘይት። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በመተንፈሻ ቀዳዳዎቹና በኮርቻው ቱቦ በኩል የተፈላ የተልባ ዘይት አስገቡና ፍሬሙን በሁሉም አቅጣጫ እያገላበጣችሁ ውስጡን አልብሱት። አንጠልጥላችሁ አንድ ሌሊት ይንጠባጠብ፤ ሲደርቅ ቱቦውን ከውስጥ ከዝገት የሚጠብቅ ቀጭን ቆዳ ይሆናል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃልና በራሱ ይቀጣጠላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። በማግስቱ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ፣ ካቴናውን ስቀሉ፣ ጎማውን ንፉ።